በትንሽ ገንዘብ ውጭ ለመማር፦ የተማሪ ቪዛና ከአራት ኪሎ የሚጀምረው የወረቀት ጣጣ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ልጅ ጥያቄው አጭር ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል፣ ውጤቱ 3.2 ነው፣ በእጁ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ፣ ብቻ ነው፤ ጀርመን ሄዶ ማስተርስ መማር ይፈልጋል። ትምህርቱ ነፃ ነው ሲባል ሰምቷል። አንድ ኤጀንሲ ደግሞ ሁሉን ነገር ጨርሼ እልክሃለሁ ብሎ ክፍያውን ግማሹን አስቀድሞ ጠይቆታል። ልክፈል ወይስ ራሴ ልሞክር፣ ራሴ ከሞከርኩስ ከየትኛው ወረቀት ልጀምር ነው የሚለው። ቤቱ አራት ኪሎ ስለሆነ ትምህርት ሚኒስቴርም ኤምባሲውም በእግር የሚደረስባቸው መሆናቸውን እንደ ጥቅም ቆጥሮ ጨምሯል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ኋላ ላይ መሳለቂያ ሆናበታለች።

ምላሾቹን በቁጥራቸው እያስከተልኩ ፍሬ ነገራቸውን አቀርባለሁ። እኔም እከታተላለሁ ከማለት ያላለፉትን ዘልያለሁ፤ ቁጥሩ እየዘለለ የሚሄደው ለዚህ ነው።

1ኛው ምላሽ ትሑት ነው፣ ሰላምታውም ረጅም ነው። ነፃ የሚባለው የትምህርት ክፍያው እንጂ ኑሮው አይደለም ብሎ ይጀምራል። በአብዛኞቹ የጀርመን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፈለው የሴሚስተር መዋጮ ነው፤ እንደ ከተማው ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ዩሮ ይደርሳል። ነፃ ያልሆኑም አሉ። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 የክረምት ሴሚስተር (በኦክቶበር የሚጀምረው ነው) ወዲህ በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ ይጠይቃል። ከዚያ ሰውየው ወደ ዋናው ነገር ይገባል፦ የማመልከቻው ወጪ ቀላል ነው። ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ ማመልከቻ የሚቀበለው ዩኒ-አሲስት ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይቀበላል። የቪዛው ክፍያም 75 ዩሮ ነው። ወገብ የሚቆርጠው የታገደው ሒሳብ ማለትም ብሎክድ አካውንት፣ የዓመት መኖሪያው አስቀድሞ ገብቶበት በየወሩ የሚለቀቅበት፣ ነው፦ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904። እ.ኤ.አ. እስከ ኦገስት 2024 ድረስ 11,208 ስለነበር የቆየ ቪዲዮ አይተው በአሮጌው ቁጥር የሚዘጋጁ አሉና ይጠንቀቁ ይላል።

2ኛው ስለ ኤጀንሲው ብቻ ነው የጻፈው፣ በሁለት መስመር። ገንዘቡ ሳይሆን ኢሜይሉ ነው የሚያሳስበው። ኤጀንሲዎች ማመልከቻውን በራሳቸው ኢሜይል ይከፍቱታል፤ የጎደለ ሰነድ አለ የሚለው መልእክት ሲመጣ ጉዳዩ ለማይቆረቁረው ሰው ይደርሳል፣ ቀኑ ያልፋል። መክፈልህ ካልቀረ ኢሜይሉም የይለፍ ቃሉም በአንተ እጅ ይሁን ነው ምክሩ።

3ኛው የጥያቄውን ሁለተኛ ክፍል ነው የያዘው፣ ከየትኛው ወረቀት ልጀምር የሚለውን። መልሱ ከኮስት ሼሪንግ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ምግብና መኝታውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን የሚሸከምበት ነው። ይህ ሳይወራረድ ዋናው ዲግሪ አይለቀቅም። አካሄዱን በዝርዝር አስቀምጧል፦ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የዕዳውን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ገቢዎች ሄዶ ከፍሎ ክሊራንስ፣ ክሊራንሱን ይዞ ተመልሶ ወደ ሬጅስትራር። ሥራ ላይ የነበረ ሰው ከደመወዙ በየወሩ ሲቆረጥበት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መሥሪያ ቤቱ የቆረጠውን በስሙና በግብር ከፋይ ቁጥሩ ገቢ ማድረጉን የሚያሳይ ደረሰኝ ካልያዘ ቆራጩ ቆርጫለሁ፣ ተቀባዩ አልደረሰኝም እየተባባሉ መሐል ላይ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲው ክፍለ ሀገር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ምልልስ አለው፤ ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት ይጀመር ይላል።

4ኛው በአብዛኛው ተስማምቶ አንድ ነገር አርሟል። ዋናው ዲግሪ እስኪወጣ ማመልከቻ መቆም የለበትም። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች ለማመልከቻ ቴምፖንና ትራንስክሪፕትን ይቀበላሉ፤ ዋናው የሚጠየቀው ቪዛ ላይ ወይም ሲመዘገቡ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። የማመልከቻው መዝጊያ ለክረምት ሴሚስተር በብዛት ጁላይ 15 ቢሆንም፣ ለውጭ ተማሪ የተዘጋጁት የእንግሊዝኛ ፕሮግራሞች ከዚያ ብዙ ወራት ቀድመው የሚዘጉ አሉ። ዩኒ-አሲስትም ክፍያው በጊዜው ካልገባለት ፋይሉን አይከፍተውም። ከአዲስ አበባ ደግሞ በካርድ መክፈል ለሁሉም አይሳካም፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህች 75 ዩሮ ላይ ነው።

5ኛው የሒሳብ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። 3.2 በጀርመን ስንት ነው ብሎ ቀመሩን ዘርግቶታል። ከፍተኛው ውጤት 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ተይዞ፣ ከ4.0 ላይ የራስህን ውጤት ቀንስ፣ ቀሪውን ለ2.0 አካፍል፣ በ3 አባዛ፣ 1 ደምር። ለጠያቂው 0.8 ሲካፈል ለ2.0፣ 0.4፤ በ3 ሲባዛ 1.2፤ 1 ሲደመር 2.2 ይመጣል። እዚያ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውጤቱ የተሻለ ነው። 3.0 ያለው 2.5 ላይ ያርፋል፤ ብዙ ፕሮግራሞች በር የሚዘጉት እዚሁ 2.5 ላይ ነው። 2.75 ያለው 2.9 አካባቢ ስለሚሆን ገደብ የሌለውን ፕሮግራም ይፈልግ።

6ኛው ይህን ተቃውሞ ማለፊያው 1.0 ነው፣ ዲም ያሳልፋል ብሏል። በእሱ ስሌት 3.2 ወደ 1.8 ይወጣል። 5ኛው ተመልሶ በ7ኛው አስረድቷል፦ ዲ አንድን ኮርስ ያሳልፍ ይሆናል፣ ለመመረቅ ግን አጠቃላይ ውጤት 2.0 ያስፈልጋል፤ ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ የታተመውን የውጤት መግለጫ አንብብ። እኔ ብጠየቅ 5ኛው ልክ ነው እላለሁ። በ1.8 ሒሳብ ተጽናንቶ ያመለከተ ሰው 2.2 ተብሎ መልስ ሲደርሰው ተበደልኩ ይላል።

8ኛው ምላሽ ስለ ስም ነው፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ጸሐፊዋ የጀመረችው ኃይሉ በሚል ስም ነው። በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ ኤች፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል፣ ዩ ተብሎ ይጻፋል፤ በፓስፖርት ላይ መሐሉ ዋይ ይሆናል፤ ዲግሪው ላይ መጨረሻው ዩ ቀርቶ ደብሊው ይገባበታል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለፈረንጅ ሦስት ሰው። ጸጋዬ የባሰ ነው፦ በቲ ኤስ የሚጀምር አለ፣ ቲው ተጥሎ በኤስ ብቻ የሚጀምር አለ፣ በቲ ዜድ የሚጽፍም አልጠፋም። መፍትሔው ፓስፖርቱን ንጉሥ ማድረግ ነው። ሌሎቹ ወረቀቶች ወደ ፓስፖርቱ ይስተካከሉ እንጂ ፓስፖርቱ ወደ እነሱ አይሂድ፤ ፋይዳም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ፊደል ሳይለይ መግጠም አለበት። ማመልከቻው ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ ደግሞ ፓስፖርቱ እዚያ መስመር ላይ የጻፈውን መገልበጥ ነው፤ አንዱ ጋ የአባት ስም ሌላው ጋ የአያት ስም ካስገቡ የባንኩ ሒሳብ፣ የመድን ወረቀቱና ቪዛው የተለያየ ሰው ይሆናሉ። የድሮ ዲግሪን ፊደል ለማስተካከል ካልተቻለ ሁለቱም አጻጻፍ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ይወሰድ፤ ማመልከቻው ላይ በመጀመሪያው ገጽ ይያያዝ።

9ኛው ከስም ወደ ቀን አሸጋገረው። ትራንስክሪፕት ላይ ሰኔ 30 ቀን 2015 የተመረቀ ተማሪ፣ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ያሰናዳው ሰው ሰኔን ጁን ብሎ ዓመቱን እንዳለ ከተወው፣ ጁን 30 ቀን 2015 ይሆናል። ኤምባሲው ሲቆጥር ልጁ ገና በአፍላነቱ ዲግሪ ጭኗል። ትክክለኛው ጁላይ 7 ቀን 2023 ነው። ሌላው ስሕተት የአንድ ቀን ነው፣ ስለዚህም አይታይም። ብዙ ሰው መስከረም 1 ሁሌም ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ይቆጥራል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ነው፣ መዛነፉም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። መስከረም 5 ቀን 1996 የተወለደ ሰው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2003 ነው የተወለደው፤ የልደት ሰርተፍኬቱ 15 ካለ፣ ፓስፖርቱ 16 ካለ፣ ወረዳ ሄዶ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ሾልኮ ወጣ። 10ኛው እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠሩት ትርጉም ቤቶች ናቸው ብሎ አማረረ። 11ኛው ካዛንቺስ የነበሩት ጥሩዎቹ ተርጓሚዎች ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገቡ ጠየቀ። 12ኛው የፒያሳውንም ጨመረና ስለ ኮሪደር ልማት፣ ስለ ማኪያቶ ቤቶችና ስለ ድሮ ሰፈር ሦስት ሰዎች አራት መልእክት ተለዋወጡ። እነሱን አልፌአለሁ። አንድ ጠቃሚ ነገር ግን መሐላቸው ወድቋል፦ የፎቶ ነገር። በየፎቶ ቤቱ ጉርድ ፎቶ ሲባል ዝም ብሎ የሚታጠበው 3 በ4 ነው። ለጀርመን ቪዛ 3.5 በ4.5 ሴንቲሜትር፣ ፊት ለፊት፣ ያለ ፈገግታ፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ከስድስት ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። ፎቶግራፈሩ ጠይም ፊትን አንጥቶ ካሳመረው ያ ፎቶ አይሆንም፤ ሳይነካካ እንዲያትመው አስቀድሞ መንገር ነው።

16ኛው ሰብሰብ በሉ ብሎ ወደ ማኅተሙ መለሳቸው። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ሰልፉ የማይዘለል ነው፤ የመጀመሪያው ማኅተም ከሌለ ሁለተኛው አይመታም። ይሁንና ማኅተም ሁሉ ለሁሉም አገር አያስፈልግም። የኤምባሲውን ዝርዝር ሳያነቡ ሁሉንም ወረቀት ማኅተም ማስመታት ገንዘብና ሳምንታት መጣል ነው። ስለ ቋንቋም አንድ ቃል ጥሏል፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር የሚል ደብዳቤ ከሬጅስትራር ይገኛል፣ የሚቀበሉትም ፕሮግራሞች አሉ፤ በማመልከቻው ገጽ ላይ ይቀበሉታል ተብሎ ካልተጻፈ ግን አይኤልትስ መቀመጥ ነው፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው።

17ኛው የገንዘቡን ጉዳይ ከፈተው፣ ድምፁም ከዚህ ጀምሮ ነው መወፈር የጀመረው። የታገደው ሒሳብ እንደ ፊንቲባና ኤክስፓትሪዮ ባሉ ድርጅቶች በኢንተርኔት ይከፈታል፤ ከዚያ ገንዘቡ ይላካል፣ ሲገባ ማረጋገጫ ይመጣል፣ ያለ ማረጋገጫው ቪዛ የለም። የሚበላሸው እዚህ ነው፦ መሐል ላይ ያሉ ባንኮች ከሚላከው ላይ ይቆርጣሉ። 11,904 የተላከለት ሒሳብ ውስጥ 11,870 ከገባ ማረጋገጫው አይወጣም፤ ለ34 ዩሮ ሌላ ዝውውር፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ሳምንት። ስለዚህ መቶ ወይም መቶ ሃምሳ ዩሮ ጨምሮ መላክ፣ የባንኮቹን ወጪ ሁሉ ላኪው ይሸከም የሚለውን መምረጥ፣ የተሰጠውን የማጣቀሻ ቁጥር ሳይሳሳቱ መጻፍ። ትርፉ የትም አይሄድም፣ ሒሳቡ ውስጥ ይቀመጣል። ከውጭ ዘመድ ቢልከው ይቀላል። ከዚህ ለመላክ ባንኮች ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ የሚሸጡት የቅበላ ደብዳቤና የትምህርት ቤቱን የክፍያ መጠየቂያ አይተው ሲሆን፣ ገንዘቡንም በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ነው የሚያስተላልፉት። የታገደ ሒሳብ ደግሞ የትምህርት ቤት ሒሳብ አይደለም፤ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ጥያቄው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ዓለም አቀፍ ባንክ ክፍል ይሂድ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ብር ነበር ብሎ ማስላት ራስን ማታለል ነው።

18ኛው ገንዘቡ ለ28 ቀን ሒሳብ ውስጥ ቆይቶ መታየት አለበት ብሎ አስጠነቀቀ። 19ኛው እንደ ሚጥሚጣ ነው የመለሰለት። የ28 ቀኑ ሕግ የእንግሊዝ ነው፤ ጀርመን እንዲህ የሚል ነገር የላትም፣ የታገደ ሒሳብ ዛሬ ሞልቶ ነገ ማረጋገጫው ቢወጣ ይበቃል። አገር ከአገር እያቀላቀላችሁ ሰው አታሳስቱ ብሎ፣ ለእንግሊዝ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም እንዳለበት፣ ለጀርመን ግን እንደሌለበት አክሎ ሄደ። ቃሉ የተረረ ቢሆንም ነገሩ ትክክል ነው።

20ኛው ደግሞ አሳፋሪውን ምክር ይዞ መጣ። ለኤምባሲ የሚታይ ገንዘብ ለጥቂት ቀን አበድረው ስቴትመንት የሚያወጡልህ ሰዎች አሉ፣ ዋጋቸውም መቶኛ ነው አለ። ከ21 እስከ 24 ያሉት አንድ ላይ ወረዱበት። 21ኛው በጨዋ ቋንቋ፦ የታገደ ሒሳብ ላይ ብልሃቱ አይሠራም፤ ገንዘቡ ጀርመን ተቆልፎ በየወሩ 992 ነው የሚለቀቀው፣ አበዳሪው ደግሞ ዓመት አይጠብቅህም። 22ኛው ስቴትመንት ለሚጠይቁ አገሮችም ቢሆን ስድስት ወር ባዶ የኖረ ሒሳብ ውስጥ በአንድ ማክሰኞ የገባ ገንዘብ ራሱ ይናገራል፤ ኤምባሲው የሚጠይቀው ብሩ ስንት ነው ብሎ ሳይሆን ከየት መጣ ብሎ ነው ይላል። የቤት ሽያጭ ከሆነ ውሉ፣ ዕቁብ ከሆነ የዕቁቡ ደብዳቤ፣ ስፖንሰር ካለ የንግድ ፈቃዱና የግብር ደረሰኙ ወይም የደመወዝ ማረጋገጫው አብሮ ይግባ። 23ኛው ስድብ ብቻ ነው። 24ኛው የሐሰት ማስረጃ አንዴ ከተያዘ በዚያ ኤምባሲ ስምህ ላይ ይቀራል ብሎ ዘጋው።

25ኛው አየሩን አረጋጋ። ጀርመን የሚኖር ዘመድ ላለው ሰው ሌላ መንገድ አለ፦ ዘመዱ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ኃላፊነት እወስዳለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ክፍያው 29 ዩሮ ነው። ቢሮው የዘመድየውን የደመወዝ ወረቀትና የቤት ኪራይ ያያል። ወረቀቱ ላይ ዓላማው ትምህርት ነው ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ለጉብኝት የተጻፈ ለተማሪ ቪዛ አይሆንም። ኤምባሲው የሚፈልገው ዋናውን ነው፣ ስለዚህ በፖስታ ወይም በሚመጣ ሰው መላክ አለበት። አንድ ነገር ግን ለዘመድ ሳይደበቅ ይነገረው፦ ግዴታው የአምስት ዓመት ነው። ብዙ አጎቶች ቢሮው ድረስ ሄደው ይህቺን መስመር ሲያነቡ እስክሪብቶውን ያስቀምጣሉ፤ ልጁም እዚህ ሆኖ ዘመዴ ከዳኝ ይላል።

26ኛዋ ስለ ጣሊያን ጻፈች፣ ርዕሱን የቀየረች ቢመስልም በትንሽ ገንዘብ ለሚለው ከሁሉም የቀረበ መልስ የእሷ ነው። ጣሊያን ለቪዛ የሚጠየቀው የኑሮ ማስረጃ ከጀርመኑ በጣም ያነሰ ነው፤ ቅድመ ምዝገባው በዩኒቨርሲታሊ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ነው፤ ዋናው ነገር ግን የክልል የትምህርት ድጋፉ ነው። ለአንደኛ ዓመት የሚታየው የቤተሰብ ገቢ እንጂ ውጤት አይደለም። የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ ቤትና መሬት፣ የባንክ ሒሳብ ሁሉ በወረቀት ይቀርባል፤ ገቢውም የዘንድሮው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው የፈረንጅ ዓመት ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉት ደግሞ ከሐምሌ እስከ ሰኔ በሆነው በጀት ዓመት ነው። ደብዳቤው ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ተብሎ ካልተጻፈ ጣሊያን ያለው ቢሮ ይመልሰዋል። አባት ጡረተኛ ቢሆን ከጡረታ፣ እናት ሥራ ባይኖራት ገቢ እንደሌላት የሚገልጽ ከወረዳ፤ ዝም ማለት አይቻልም፣ አለመኖሩም በወረቀት ነው የሚገለጸው። ከዚያ ወደ ጣሊያንኛ ይተረጎማል፣ በኤምባሲው ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ ከመሄድ በፊት እዚህ ያልቅ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ አዲስ አበባ ላለ እኅት በስልክ ማስጨረስ ሴሚስተሩን ይበላል።

27ኛው አንድ እርማት ብቻ አከለ፦ ድጋፉ ለቪዛ ማስረጃ አይሆንም፣ ውጤቱ የሚታወቀው ከመሄድ በኋላ ነውና፤ የመጀመሪያ ወራት ገንዘብ በእጅ ይያዝ። ከደረሱም በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ግዴታ ነው።

28ኛው ሙሉ ድጋፍ ለሚፈልጉ ሁለት ጠቆመ። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ አጋማሽ ይዘጋል፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚወድቀው በውጤት ሳይሆን የሃንጋሪውን ፖርታል ሞልቶ የትምህርት ሚኒስቴርን ዕጩነት ስለሚረሳ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ በየወሩ የሚከፈለው 43,700 ፎሪንት ከመቶ ዩሮ ጥቂት ከፍ የሚል ነው፣ ብቻውን አያኖርም። የቱርክ መንግሥት ድጋፍ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21፣ ለማስተርስ ከ30፣ ለዶክትሬት ከ35 ዓመት በታች ይጠይቃል፣ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። ለሁለቱም ገንዘብ የጠየቀህ ሰው ካለ ሌባ ነው ብሎ ጨረሰ።

30ኛው በመጨረሻ የጠያቂውን የእግር መንገድ አነሳ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል የጀርመን ኤምባሲ ወዳለበት ወደ ቀበና መውረድ ለጤና ጥሩ ነው አለ። የጀርመን ቪዛ ማመልከቻ ግን እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ፖርታል ሆኗል፤ ሰነዱ ተጭኖ፣ ተመርምሮ፣ የጎደለው ተጠይቆ፣ ቀጠሮ የሚሰጠው ከዚያ ነው። ለጣት አሻራና ዋና ዋና ሰነዶችን ለማሳየት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚኬደው። በር ላይ ሄዶ መጠየቅ የሚጠቅመው ዘበኛውን ለመተዋወቅ ነው። እዚሁ ላይ የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤውን ነካ አድርጓል፦ ከሲቪል ምህንድስና ወደ ቢዝነስ አስተዳደር የሚዘል ሰው ለምን እንደዘለለ ካላስረዳ መርማሪው ራሱ ምክንያት ይፈጥርለታል፣ የሚፈጥረውም ጥሩ አይደለም። ከመቶ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ በሚደርስበት ቢሮ የኮርሶቹን ስም ጠቅሶ የጻፈ ይታያል።

31ኛው ቢከለከልም ያለ ክፍያ ይግባኝ አለ ብሎ አጽናና። 32ኛው አስተካከለው፣ ያለ ቁጣ። ለኤምባሲው በደብዳቤ ይቅረብ የነበረው የድጋሚ እይታ አቤቱታ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ቀርቷል። አሁን ያሉት ሁለት ናቸው፦ የጎደለውን አሟልቶ አዲስ ማመልከቻ፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ በርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ። ሁለተኛው ጠበቃ ግዴታ ባይሆንም የፍርድ ቤት ወጪ ስላለው በትንሽ ገንዘብ ለሚለው ርዕስ አይገባም።

34ኛው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ስለ መድን እንዲያስብ አሳሰበ፤ የተማሪ የመንግሥት መድን ቅናሹ 30 ዓመት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ የግል መድን ነው። ሥራ ሠርቼ እኖራለሁ ለሚሉም ተማሪ በዓመት የሚፈቀድለት 140 ሙሉ ወይም 280 ግማሽ ቀን መሆኑን፣ ይህ ተስፋ ግን ለቪዛው በገንዘብ ምትክ እንደማይቆጠር ጨምሯል።

35ኛው ራሱ ጠያቂው ነው። ኤጀንሲውን ትቼዋለሁ አለ። በ8ኛው ምላሽ ምክንያት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያመሳክር ቴምፖው ላይ በአባቱ ስም ውስጥ ፓስፖርቱ ላይ የሌለ አንድ ኢ አግኝቷል። ፍርድ ቤት ልሂድ ወይ ብሎ ጠየቀ።

36ኛዋ ያቺው የ8ኛዋ ጸሐፊ ናት። የአማርኛው ስም አንድ ከሆነ ፍርድ ቤት አያስፈልግህም አለችው። የፓስፖርቱንና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን ኮፒ አያይዘህ ለሬጅስትራር በማመልከቻ ጠይቅ። ብቻ ዋናው ዲግሪ ከመታተሙ በፊት ይሁን፤ ቴምፖ ይተካል፣ የታተመ ዲግሪ ማስቀየር ግን ሌላ ፍዳ ነው። የኮስት ሼሪንጉን ክሊራንስ ይዘህ በሄድክበት ቀን፣ በዚያው መስኮት፣ መጀመሪያ የስሙን ማመልከቻ አስገባ፣ ክሊራንሱን ከዚያ በኋላ ስጣቸው።